የተንጋደደችው ብሎን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቡናውም ገና አቦል ነው፣ የሚያስቸኩለን ነገር የለም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጠመንጃ ነው፤ ጠመንጃ ስላችሁ ግን ጦር ሜዳ ይዣችሁ ልወርድ አይደለም፣ ስለ ተኩሱ ሌሎች ብዙ ብለዋል። እኔ የምነግራችሁ ስለተሰበረችው፣ ስለዛገችውና ዘመን ስለጣላት ጠመንጃ፣ እሷንም ቁጭ ብሎ በሞረድ ስላቃናት እጅ ነው። ወሬዬ ሁለት አገር ይረግጣል፤ አንዱ መንዝ ነው፣ አንዱ አሜሪካ ቨርጂኒያ፤ በመካከላቸውም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለ።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን፣ እኔ ገና የስምንት ዓመት ልጅ፣ የምኖረው አያቴ ቤት፣ ብርዱ ባና ዘልቆ በሚገባበት በመንዝ ነበር። እዚያ ቤት ምሰሶው ላይ አንዲት ውጅግራ ተሰቅላ ነበር፤ ከሥሯም ዝናር፣ ከዝናሩም ጥይት የቀረበት ኪስ ሦስት ብቻ። ልጅ ሁሉ ያያታል እንጂ አይነካትም፤ አያቴ ብቻ በበዓል ዋዜማ ያወርዷታል፣ ቅቤ ያስነኳታል፣ በጨርቅ ያሻሿታል፣ ከዚያም መልሰው ይሰቅሏታል።

ውጅግራን የማታውቁ ወጣቶች በመካከላችን ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። የሷን ዘመን በፈረንጅ እቆጥራለሁ፣ የኛን ስጠራ ደግሞ ዓ.ም. እላችኋለሁ። ፈረንሳዮች ባዚል ግራ የሚባል ሻምበል ነበራቸው፤ ይህ ሰው ከሱ በፊት የነበረውን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት የሚጎርሰውን ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ ወስዶ የናስ ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ አሻሻለው፤ በ1874 ጦሩ ተቀበለውና ፉዚ ግራ፣ የግራ ጠመንጃ፣ ተባለ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ በባላገር አፍ ታሸና ውጅግራ ሆኖ ቀረ። የአፈሙዟ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ ከ4 ኪሎ ትንሽ አለፍ ያለ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ30፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ማለት እንግዲህ ከራሱ ቁመት ትበልጣለች። አንድ ትጎርሳለች፣ አንድ ትተፋለች፣ ስትተፋም በጥቁር ባሩድ ጭስ የተኳሹን ፊት ትሸፍነዋለች።

እንዴት መጣች ብትሉ፣ በ1886 ፈረንሳዮች በጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን፣ ለበን የምንለውን ጠመንጃ ሠሩ፤ ያን ጊዜ ውጅግራዎቹ ከጦሩ እጅ እየወጡ የነጋዴ ሸቀጥ ሆኑ፣ ነጋዴውም በኦቦክና በታጁራ አድርጎ፣ በግመል ጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋ አመጣቸው። ገጣሚው አርተር ራምቦ ሳይቀር በዚህ ንግድ ገብቶበት ነበር፤ የሱ ግን ውጅግራም አልነበሩ፣ ከዚያ የባሱ ያረጁ ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎች ናቸው። ሊዬዥ ከተማ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ 7 እና 8 ፍራንክ የሚያወጣው ለሸዋው ንጉሥ በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ለቤተሰቡ ጽፏል፤ በ1887 እንጦጦ ደርሶ ከምኒልክ ጋር ዋጋ ሲከራከር ግን ያሰበውን ትርፍ አላገኘም። እኔን ይህ ወሬ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። ከዚያ በኋላ ውጅግራዋ በአገሩ በዛች፤ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይም ነበረች፤ ጥይቷም በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ጨው ይገዛባት ነበር።

የአያቴም ውጅግራ ከአባታቸው የወረሷት ናት፤ በአርበኝነቱ ዘመንም ይዘዋት ዱር ከርመዋል። እዚያ ዱር ውስጥ ነው ጉዳቷ። ተኩሳ ስታበቃ ባዶውን ቀለህ ጎትቶ የሚያወጣው መንጠቆ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ጥይት በተኮሱ ቁጥር በአፈሙዟ በኩል ቀጭን ዘንግ እያስገቡ ቀለሁን መግፋት ነበረባቸው። ሰደፏም ከአንገቷ ላይ ተሰንጥቃ፣ ምላጯን ከሚጠብቀው ብረት አንዷ ብሎን ወድቃ፣ ጣሊያን ከወጣም በኋላ እንዲሁ ሆና ዓመታት ተሰቀለች። ኋላ በአንዱ የነሐሴ ጠዋት አያቴ ምን እንዳሳሰባቸው እንጃ፣ ከምሰሶው አወረዷትና "ተነስ፣ ቀጥቃጩ ዘንድ እንሄዳለን" አሉኝ።

ወገኖቼ፣ የነሐሴን የመንዝ መንገድ የሄደ ይንገራችሁ። ጉሙ ከመሬት አይነሳም፤ አያቴ ከፊቴ ይሄዳሉ፣ አሥር እርምጃ ከራቁኝ ይጠፉብኛል፣ ከዚያም ሳል ይላሉ፣ እኔም በሳላቸው እደርስባቸዋለሁ። ጠመንጃዋን በባና ጠቅልለው፣ አፈሙዟን ወደ ታች አድርገው ተሸክመዋታል፤ ራሳቸው እየረጠቡ እሷ አልረጠበችም። ከዚያ ደጋው አለቀና ቁልቁለቱ ጀመረ፣ ጭቃው ከጥቁር ወደ ቀይ ተለወጠ፣ ጉሙም ከኋላችን ቀረና ፀሐይ ወጣች፣ ከዚያም ሰው ሳናይ፣ የወናፍ ድምፅ ሰማን። እፍ ይላል፣ ያርፋል፣ እፍ ይላል። ከመንደሩ ራቅ ብሎ፣ ለብቻው፣ አንድ ጎጆ። ቀጥቃጭ ለምን ለብቻው እንደሚሠራ፣ ለምን ከሰው ተለይቶ እንደሚኖር እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አልነግራችሁም። የሚናቀው እጅ ግን ሲቸግር ይፈለጋል፤ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲያምራቸው ፈረንጅ ሠራተኞቻቸውን ያሰፈሩት ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ባለ እጆች መንደር ነው፤ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እንዳትሰድቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጁ ግን ያን ቁልቁለት ወርዶ እዚያ ጎጆ ድረስ አልደረሰም ነበር።

ቀጥቃጩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ዛሬ ስተርክላችሁ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ያኔ ግን የመንደሩ ሕፃን ሳይቀር አንተ ነበር የሚላቸው። አያቴ ደጁ ላይ ቆመው "እንዴት ዋሉ" አሉ፤ በአንቱታ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአቸውና፣ ያዩት ጠመንጃዋን ነው ወይስ ሰውዬውን አላውቅም፣ መዶሻቸውን ሰንዳኑ ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

ከዚያም ውጅግራዋን ተቀበሉ፣ ፈትተው መንጠቆው የነበረበትን ባዶ ቦታ በትንሿ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። እስኪበቃቸው ዳሰሱና ከጥግ አንድ ቁራጭ ብረት አነሱ፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የካሚዮን ባሌስትራ ነው። ያንን አግለው እየቀጠቀጡ አቀጠኑት፣ እንደ ወረንጦ አጠፉት፣ ጫፉንም ወደ ውስጥ ቆልመም አደረጉት፣ ከዚያም ሞረድ አነሱ፣ ኩራዝም አበሩ። በቀን ኩራዝ ለምን ይበራል ብዬ ገረመኝ። ብረቱን ከኩራዙ ጭስ ላይ ይዘው ጥቀርሻ ያለብሱታል፣ ከዚያ ማረፊያው ውስጥ ገፋ ያደርጉትና ያወጡታል፤ ጠበብ ያለበት ቦታ ላይ ጥቀርሻው ተፍቆ ብረቱ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ እዚያች ነጭ ላይ ብቻ ሞረዱን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያም እንደገና ጭሱ ላይ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ቆጥሬ ሃያ ላይ ጠፋኝ።

ልኩ ሲመጣ ብረቱን እንደ በሰለ በርበሬ እስኪቀላ አጋሉትና የኑግ ዘይት ውስጥ ነከሩት፤ ጭው አለ። እኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን "አሁንማ ብርጭቆ ነው፣ ብትነካው ይሰበራል" አሉኝ፣ ለኔ ለልጁ። ከዚያ ዘይት እንደተቀባ ፍሙ ላይ ያዙት፣ ዘይቱ ራሱ እሳት ይዞ ብረቱ ላይ ነድዶ አለቀ፤ ደግመው ቀቡት፣ ነደደ፤ ሦስተኛም። ከዚያ በአሸዋ ጠረግ ሲያደርጉት ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል፤ ልክ እንደ ተልባ አበባ። በሁለት ጣታቸው ጨመቅ አድርገው ለቀቁት፣ ተመለሰ። ሞላ ሆነ።

የተሰነጠቀውንም ሰደፍ በእርጥብ ጠፍር አንገቷ ላይ ጠምጥመው ሰፉት፤ ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ እንጨቱን እንደ መዳፍ ይጨብጠዋል። ለወደቀችውም ብሎን ወፍራም ምስማር አንስተው ጥርሷን በሞረድ ጠርዝ አንድ በአንድ እየቆረጡ አወጡ። አናቷ ላይ የካቻቢቴ መግቢያውን ሲሰነጥቁ ግን ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበርና፣ ወይም እጃቸው ደክሞ፣ ስንጥቁ መሐሉን ስቶ ተንጋደደ። አዩት። ሳቅ ብለው እንዲሁ አጠበቋት።

አሁን የምነግራችሁን ለብዙ ዓመት ለማንም አልነገርኩም። የሽማግሌው ባለቤት ቡና አፍልተው ነበር፤ ስኒውን በሁለት እጃቸው ለአያቴ አቀረቡ። አያቴም "ጾም ነው" አሉ። እርግጥ ፍልሰታ ነው፤ ግን ሰዓቱ ዘጠኝ አልፎ አሥር ሊሆን ነው፣ ቅዳሴው ከወጣ ቆይቷል፣ ይህንንም ሴትዮዋ ያውቃሉ፣ ሽማግሌው ያውቃሉ፣ እኔም በስምንት ዓመቴ አውቄዋለሁ። ሴትዮዋ ስኒውን መለሱት። ለኔ ቆሎ ሰጡኝና በላሁ። አያቴ ሦስት ብርና አንድ ቁና ገብስ ከፈሉ፣ በአንቱታ ተሰናበቱ፣ ዳገቱንም ስንወጣ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ አላሳሉም እንኳ።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ፣ መሣሪያ ይሰብሰብ ተባለ፣ ውጅግራዋም ከምሰሶው ወርዳ ሄደች። የት እንደገባች አላውቅም።

እንግዲህ አሁን ወደ ቨርጂኒያ። የእህቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፣ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፣ ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ቶርኖና ሞርሳ ተክሎ አሮጌ ጠመንጃ ያድሳል። ባለፈው ክረምት ልጠይቀው ብሄድ፣ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ "ጋሼ፣ ና አንድ ነገር ላሳይህ" ብሎ ወደ ጋራዡ ወሰደኝ፤ ሞርሳው ላይ ውጅግራ ተይዛለች። በጎኗ በተያያዘ የፈረንሳይ ጽሕፈት የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ ስምና 1874 የሚለው ተቀርጿል፤ አንገቷ ላይ ግን ጠፍር ተጠምጥሟል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከአገራችን መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በኮንቴይነር እየተጫኑ አሜሪካ ገብተው ይሸጣሉ፤ እሷም ከነሱ አንዷ ናት። በአሜሪካ የ1968 የመሣሪያ ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራ እንዲህ ያለ ጠመንጃ እንደ ቅርስ ዕቃ ነው የሚቆጠረው። የአያቴ ጠመንጃ ተገኘች ልል ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ አይደለችም፣ የአያቴ ሰደፏ ላይ መስቀል ነበረባት፣ ይህችኛዋ የላትም። ስንጥቋ ግን እዚያው አንገቷ ላይ፣ ጠፍሯም እንዲሁ፣ መንጠቆዋም የለም። የምላጯ መጠበቂያ ላይ ያለችውም ብሎን በአገር ቤት እጅ የተቆረጠች፣ ስንጥቋ የተንጋደደ። አንድ ዓይነት ብረት አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ይሰበራል፤ አንድ ዓይነት ችግርም ያው መፍትሔ ያስገኛል።

ልጁ ሥራውን አሳየኝ። የዛጉትን ትናንሽ ብረቶች በድስት ውኃ ውስጥ ይቀቅላቸዋል፤ ቀዩ ዝገት ሲፈላ ጥቁር ይሆንና በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፣ ከሥሩ ያለው ብረትም ሳይፋቅ ይተርፋል። (ድስቱ የሚስቱ የሽሮ ድስት ነበረ፤ በዚህም የተነሳ የተባለውን አልደግምላችሁም።) በብርጭቆ ወረቀት አብረቅርቀው አዲስ የሚያስመስሉትን ሰዎች አይወድም፣ እኔም አልወድም፤ የፋብሪካው ማኅተምም የሰው እጅ ያለሰለሰውም አብሮ ይፋቃል። ብሎኗን ደግሞ ከሱቅ ማግኘት አይቻልም፤ በሜትር የብሎን ጥርስ ላይ ስምምነት የተደረሰው በ1898 ዙሪክ ላይ ነው፣ የዚህች ጠመንጃ ዓይነት ከዚያ 24 ዓመት ይቀድማል፣ ጥርሷም የራሷ ፋብሪካ ጥርስ ነው። ወይ ከሌላ የሞተች ውጅግራ ይነቀላል፣ ወይ ቁጭ ተብሎ ይቆረጣል።

መንጠቆውን ሊሠራ ሦስት ቅዳሜ ፈጀበት። ጥሩ የሞላ ብረት ገዝቶ፣ በሴጌቶ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አጥፎ፣ አግሎ ዘይት ውስጥ ነከረና ማረፊያው ውስጥ ሲገፋው ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ ግማሹም መኪናው ሥር ገባ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ተናደደ፣ ጓንቱን ወረወረ። እኔ ከወንበሬ ሆኜ "ዘይቱን ላዩ ላይ አንድደው፣ ሦስት ጊዜ" አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ፤ በሕይወቴ ሞረድ ይዤ እንደማላውቅ ያውቃል። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውርዶ ገልጦ አነበበና "ይላል" አለኝ፤ "እዚህም እንዲሁ ይላል። ቸኩዬ ዘልዬው ነው።" ሻማ አበራሁለት፣ ብረቱን ጭሱ ላይ ይዞ ጥቀርሻ እያለበሰ ልኩን አመጣ፣ አጋለው፣ ነከረው፣ ዘይቱንም ሦስት ጊዜ አነደደው፤ ጠረግ ሲያደርገውም ከዚያች የነሐሴ ቀን ወዲህ ያላየሁት የተልባ አበባ ብረቱ ላይ ወጣ።

መንጠቆው ገባ። ባዶ ቀለህ አጉርሶ ሲጎትተው ቀለሁ ተስፈንጥሮ ወጣና ሲሚንቶው ላይ እየጮኸ ተንከባለለ። ጥይት አልጎረሰችም፣ አትጎርስምም፤ ለዚያ አይደለም ያደሳት።

ከዚያ ልጁ ከመሳቢያው ትንሽ ፖስታ አወጣ፣ ከፖስታውም አንዲት ያማረች ብሎን። "ኦሪጅናሏን ከፈረንሳይ አስመጣሁላት" አለኝ። "ይህችን የተንጋደደችውን አውጥቼ እቀይርና ጠፍሩንም ቆርጬ ስንጥቁን በማጣበቂያ እይዘዋለሁ፤ ከፋብሪካ እንደወጣች ትሆናለች።" ቢላዋውንም አንስቷል።

"ፋብሪካዋ የሠራላትማ ጥላት ወደቀች" አልኩት። "ይዛት የቆየችው ይህችኛዋ ናት።"

"ጋሼ፣ ስንጥቋ እኮ ጠማማ ነው፤ ካቻቢቴ እንኳ አይገባበትም።"

ያን ጊዜ ወንበር አስቀረብኩትና የመንዙን ቁልቁለት፣ ኩራዙን፣ ባሌስትራውን፣ አያቴን፣ ያቺን ስኒም ነገርኩት። ስለ ስኒዋ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ አያቴ ቅድመ አያቱ ናቸውና እንዴት እንደሚሰማው አላወቅሁም። ልጁ ዝም ብሎ ሰማ። ውጭ በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር፤ የጋራዡን በር ዘጋ፣ ቢላዋውን አስቀመጠ፣ ከዚያም አንድ አሮጌ ካቻቢቴ ፈልጎ ጫፉን በሞረድ ማጋደድ ጀመረ። ሞረድ፣ ልክ፣ ሞረድ፣ ልክ። በመጨረሻ የተንጋደደው ካቻቢቴ ከተንጋደደው ስንጥቅ ውስጥ ቁጭ አለ፣ እሱም ብሎኗን ሩብ ዙር አጠበቃት። ጠፍሩንም በጥቂት ዘይት አሸት አድርጎ ተወው።

ውጅግራዋ አሁን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ናት። የፈረንሳይዋ ብሎን ከነፖስታዋ መሳቢያው ውስጥ አለች፤ ካቻቢቴውም አጠገቧ።